ኮሎምቦ፦ ስለ ታሪኩ ክፍተቶችና መጣረሶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኮሎምቦ ወዳጆች ሲገናኙ ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። አንዱ የመጀመሪያ ስሙን ይጠይቃል። ሌላው «ሚስት አለችው ወይስ የለችውም?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ይሄ ማስረጃ ፍርድ ቤት ይቆማል እንዴ?» ብሎ ይሟገታል። እኔ ይህን ድራማ ከልቤ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ስህተቱን አልደብቅለትም። ከታች የብዙ ክፍሎችን መጨረሻ እናገራለሁ፤ ያላያችሁ ካላችሁ አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ኮሎምቦን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዴት ይገለጻል?

ሌተናንት ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነው። የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት ይለብሳል፣ ሲጋር ያጨሳል፣ ያረጀች ፔጆ ይነዳል። ገጸ ባሕርዩን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ ናቸው። ተዋናዩ ፒተር ፎልክ መጀመሪያ የተጫወተው በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ነው። በ1971 ሁለተኛ ፊልም ተሠራ፤ በዚያው ዓመት መደበኛው ተከታታይ በኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጀመረ። እስከ 1978 ዘለቀ። ከዚያ በ1989 በኤቢሲ ተመልሶ እስከ 2003 ቆየ። ሁሉም ሲደመር 69 ክፍል ነው።

ሌላው የወንጀል ድራማም ስህተት አለበት። ለምን በኮሎምቦ ላይ ብቻ ይህን ያህል እንመራመራለን?

በአገራችን በጥንቱ አውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ይጠየቅ ነበር። አብዛኛው የወንጀል ድራማም እንደዚያ ነው። ሁሉም ተጠርጣሪ ነው፣ ገዳዩ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ኮሎምቦ ግን ተገልብጦ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ገዳዩን እናያለን። እንዴት እንደገደለ፣ ምን እንደነካ፣ ምን እንደደበቀ፣ በየት በር እንደወጣ ሁሉ በዓይናችን አይተናል።

ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ ተመልካቾች የዓይን ምስክሮች ነን። ኮሎምቦ አንድ ነገር ደረስኩበት ሲል ካየነው ጋር እናመሳክራለን። ደራሲው ያሳየንን ከረሳ ወይም ያላሳየንን ካመጣ ወዲያው ይታወቅበታል። ሌላ ድራማ ውስጥ «ምናልባት እኛ ሳናይ ሆኖ ይሆናል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እዚህ ማምለጫ የለም። ስለዚህ እኔ ክፍተት የምለው ድራማው ራሱ ያሳየንን ነገር ሲያፈርስ ነው። ታርጋ መቀየሩ ወይም ውሻ መቀየሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያ ስሙ ማን ነው?

ለእኛ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ግር ይላል። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ ፖሊስም ቢሆን «መቶ አለቃ ከበደ» ነው የሚባለው። ስለዚህ «ኮሎምቦ» ሲባል የቤተሰብ ስም መሆኑ ወዲያው አይታየንም። በድራማው ውስጥ የራሱን ስም ማንም አይጠራውም። እሱም ሲጠየቅ «ሌተናንት» ብሎ ያልፋል።

ግን ካሜራው አሳልፎ ሰጥቶታል። በ1971 «ዴድ ዌይት» በተባለው ክፍል፣ እንደገናም በ1976 «ኤ ማተር ኦቭ ኦነር» ላይ መታወቂያውን ሲያሳይ ምስሉን ብታቆሙት «ፍራንክ» የሚል ፊርማ ይነበባል። ፈጣሪዎቹ የመጀመሪያ ስም አልሰጠነውም ይሉ ነበር። መታወቂያውን ያዘጋጀው የቀረጻ ዕቃ ክፍል ግን አንድ ነገር መጻፍ ነበረበት።

«ፊሊፕ» የሚለውስ? ይህ ከራሱ ከድራማው ይበልጥ የሚገርም ታሪክ ነው። ፍሬድ ዎርዝ የተባለ ሰው የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ሥራውን የሚሰርቅ ካለ ለመያዝ ብሎ ሆን ብሎ የኮሎምቦ ስም ፊሊፕ ነው የሚል ውሸት ከተተበት። ትሪቪያል ፐርሱት የተባለው የጥያቄና መልስ ጨዋታ ይህንኑ መልስ ይዞ ወጣ። ሰውዬው በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ ግን መረጃ ራሱ የማንም ንብረት አይደለም ብሎ ክሱን አልተቀበለም። ወጥመዱ እኮ ኮሎምቦ ራሱ ከሚያጠምደው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው በችሎት መውደቁ ነው።

ስለዚህ የእኔ መልስ ፍራንክ ነው። በስክሪን ላይ የታየ ነገር ካልታየ ነገር ይበልጣል።

ሚስቱ በእርግጥ አለች?

አለች። አንዳንዱ «ተጠርጣሪዎችን ለማዘናጋት የፈጠራት ናት» ይላል። አይደለም። በ1975 «ትራብልድ ዋተርስ» ላይ አብራው በመርከብ ለዕረፍት ሄዳለች፤ እሱ በየመተላለፊያው ሲፈልጋት ነው የሚውለው። እኛ ብቻ ነን የማናያት። በ1990 «ሬስት ኢን ፒስ፣ ሚስስ ኮሎምቦ» የተባለው ክፍል ደግሞ በቀብሯ ይጀምራል። ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። ቀብሩ ገዳይዋን ለማጥመድ የተዘጋጀ የውሸት ቀብር ነው። መጨረሻ ላይ ኮሎምቦ ለሚስቱ ስልክ ይደውላል።

ትልቁ መጣረስ የመጣው ከውጭ ነው። በ1979 ኤንቢሲ «ሚስስ ኮሎምቦ» የሚል ሌላ ድራማ አወጣ። ኬት መልግሩ ተጫወተችው። በጣም ወጣት ናት፣ ጋዜጠኛ ናት፣ ራሷ ወንጀል ትመረምራለች። ኮሎምቦ ስለ ሚስቱ ሲያወራ የኖረው ከዚህች ሴት ጋር በምንም አይገጥምም። የኮሎምቦ ፈጣሪዎችም አልተቀበሉትም። ውሎ ሲያድር የድራማው ስም ተቀየረ፣ እሷም ተፋታ የአባቷን ስም ይዛ «ኬት ካላሃን» ተባለች። እኔ ከኮሎምቦ ታሪክ ውስጥ አልቆጥረውም።

መኪናው፣ ውሻው፣ ዓይኑ?

በአንድ ላይ ልመልሳቸው።

መኪናው የ1959 ፔጆ 403 ነው። በሰባዎቹ ታርጋው 044 ኤፒዲ ነበር። በኋለኞቹ ክፍሎች 448 ዲቢዜድ ሆነ። መኪናውም ሌላ ነው። አንድ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ታርጋ ቢቀይር ምንም አይደለም።

ውሻው በ1972 «ኤቱድ ኢን ብላክ» ላይ መጣ። ስም ስላላወጣለት «ውሻ» ብሎ ነው የሚጠራው። በመሃል የመጀመሪያው ውሻ ሞቶ በሌላ ተተክቷል፤ በድራማው ውስጥ ግን ያው አንድ ውሻ ነው።

ፒተር ፎልክ ቀኝ ዓይኑን ያጣው በሦስት ዓመቱ በካንሰር ነው፤ የምናየው ሰው ሠራሽ ዓይን ነው። ኮሎምቦስ? በሰባዎቹ ክፍሎች ስለዚህ አንድም ነገር አይነገርም። በ1997 «ኤ ትሬስ ኦቭ መርደር» ላይ ግን ከሌላ ሰው ጋር ማስረጃ ሊመለከት ሲል «ሦስት ዓይን ከአንድ ይሻላል» ይላል። ብዙዎች ይህን መጣረስ ይሉታል። እኔ አልስማማም። ቀድሞ ሁለት ዓይን አለኝ ብሎ አያውቅም። ያልተነገረ ነገር ዘግይቶ ቢነገር ይሞላል እንጂ አይጣረስም።

አንድ ተዋናይ ለምን ደጋግሞ ገዳይ ሆኖ ይመጣል? ኮሎምቦ አያውቀውም እንዴ?

ጃክ ካሲዲ ሦስት ጊዜ፣ ሮበርት ከልፕ ሦስት ጊዜ፣ ፓትሪክ ማክጉሃን አራት ጊዜ ገድለዋል፤ ሁሌም በሌላ ስምና በሌላ ሙያ። ከልፕ በ1990 ደግሞ የገዳዩ አባት ሆኖ መጥቷል። ይህ የዘመኑ ልማድ ነው። ያኔ ሰው አንዱን ክፍል አንዴ ያያል፣ ሌላውን ከዓመት በኋላ ያያል። ሁሉንም በተከታታይ ማየት የጀመርነው እኛ ነን። እውነቱን ለመናገር ማክጉሃን በአራተኛው ሲመጣ ደስ ነው የሚለኝ። ለዚህ ሥራው ሁለት ጊዜ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው እንዴት ያውቃል? ይሄ ክፍተት አይደለም?

በጥሩዎቹ ክፍሎች አይደለም፤ ምክንያቱ በፊታችን ይቀመጣል። በ1968ቱ ፊልም ገዳዩ ሐኪም ከጉዞ ተመልሶ ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን አይጣራም። ቤቱ ውስጥ እንደሌለች ካላወቀ በስተቀር ሰው «መጣሁ» ይላል። በ1971 «መርደር ባይ ዘ ቡክ» ላይ ገዳዩ ደራሲ የጓደኛው አስከሬን ደጃፉ ላይ ተገኝቶ እያለ ፖስታ ይከፍታል። ኮሎምቦ የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው፦ ሐዘንተኛ የማያደርገውን ነገር። ለቅሶ ቤት ውሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ማን ከልቡ እንዳዘነ፣ ማን ደግሞ እንዲያው ለይስሙላ እንደተቀመጠ ይለያል።

በደካሞቹ ክፍሎች ግን በበሩ ሲገባ ቀድሞ አውቋል፣ ለምን እንደሆነ አይነገረንም። ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው፤ እኔም አልከላከልለትም።

ማስረጃዎቹ ፍርድ ቤት ይቆማሉ?

ትልቁ ክርክር ይህ ነው፤ በክፍል በክፍል ማየት ይሻላል።

የሚቆመው፦ «ሱተብል ፎር ፍሬሚንግ» (1971)። የሥዕል ሃያሲው አጎቱን ገድሎ የተሰረቁትን የታዋቂውን ሠዓሊ የዴጋን ሥዕሎች አክስቱ ቤት ይደብቃል። ሥዕሎቹ ሲገኙ ኮሎምቦ አሻራ ይነሳ ይላል። የተገኘው የራሱ የኮሎምቦ አሻራ ነው! ቀደም ሲል ሃያሲው ሥዕሎቹን በቦርሳ ይዞ ቤቱ ሲገባ ኮሎምቦ «ምን ይዘህ ነው?» ብሎ እጁን ሰዶ ነክቷቸው ነበር። ስለዚህ ሥዕሎቹ በዚያ ምሽት ሃያሲው እጅ ነበሩ። ሰውዬው «አሁን ነው የነካሃቸው!» ብሎ ይጮሃል። ኮሎምቦ እጆቹን ከኪሱ ያወጣል፤ ጓንት አድርጓል። ቃል አይጨምርም። የነካበትን ቅጽበት እኛም አይተናል። እንዲህ ያለ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍተት እንኳ አላገኘሁም።

የሚያከራክረው፦ «ኔጌቲቭ ሪአክሽን» (1974)። ፎቶ አንሺው ሚስቱን ገድሎ ታግታ ያስመሰለበት ፎቶ አለ፤ በፎቶው ውስጥ ሰዓት ይታያል። ኮሎምቦ ፎቶውን ሆን ብሎ ገልብጦ አሳትሞ ሰዓቱ የተለየ ጊዜ እንዲያሳይ ያደርጋል፣ ዋናው ቅጂ ተበላሸብኝም ይላል። ፎቶ አንሺው ደንግጦ «ኔጌቲቩ ካሜራው ውስጥ አለ» ብሎ መደርደሪያ ላይ ካሉት ብዙ ካሜራዎች ትክክለኛውን ያነሳል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ገዳዩ ብቻ ነው። ግን ጎበዝ ጠበቃ ቢኖረው «ደንበኛዬ የረጅም ጊዜ ፎቶ አንሺ ነው፤ ፎቶው በየትኛው ዓይነት ካሜራ እንደተነሳ ከህትመቱ ያውቃል» ይል ነበር። ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር ሲደመር ግን የሚፈረድበት ይመስለኛል።

የማይቆመው፦ «ኤ ዴድሊ ስቴት ኦቭ ማይንድ» (1975)። ዶክተሩ ከገደለበት ቤት በመኪና ሲወጣ አንድ ዓይነ ስውር ሊገጭ ነበር። ኮሎምቦ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አምጥቶ «ይህ ሰው አይቶሃል» ይለዋል። ዶክተሩ «ይሄ ሰው እኮ ዓይነ ስውር ነው!» ብሎ ራሱን ይይዛል። ሰውዬው የዓይነ ስውሩ ወንድም ነው፤ ያያል፣ መጽሔት ተሰጥቶት ያነባል። ስታዩት እጅግ ያስደስታል። በሕግ ዓይን ግን «አረማመዱን አይቼ ገመትኩ» ቢል ምን ይመለሳል? ደግሞም በዚያ ቀን በዚያ በር ወጣ ማለት ገደለ ማለት አይደለም።

«መርደር ባይ ዘ ቡክ»ም የዚሁ ወገን ነው። ገና ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው ያዘጋጀው፤ አሠራሩ ድንቅ ነው። ማስረጃው ግን ሟቹ የግድያ ዘዴውን ለልብ ወለድ ብሎ የጻፈባት ወረቀት ናት። ገዳዩ ዝም ቢል ነጻ ይወጣ ነበር። አልቻለም፤ ዘዴው የእሱ ሐሳብ እንደነበረ መናገር አማረው። በሕይወቱ ያፈለቀው ብቸኛ ጥሩ ሐሳብ ያ ነበርና። ክፍተቱን የሚደፍነው ይህ የሰውዬው ኩራት ነው፤ እኔ ይበቃኛል።

ፖሊስ እንዲህ ማታለል ይፈቀድለታል?

በአሜሪካ ፖሊስ ተጠርጣሪን ቢዋሽ በዚያ ብቻ ማስረጃው አይወድቅም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 በፍሬዘር ጉዳይ ይህንን ወስኗል። ስለዚህ «ዴዝ ሌንድስ ኤ ሃንድ» (1971) ላይ የሟቿ ኮንታክት ሌንስ ጠፍቷል ብሎ ማስወራቱ ችግር የለውም። ገዳዩ በሌሊት ሄዶ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲበረብር ተያዘ። ማንም አላስገደደውም።

«ዳገር ኦቭ ዘ ማይንድ» (1972) ግን ሌላ ነው። ቦታው ለንደን ነው። ኮሎምቦ ማስረጃ ሲያጣ ራሱ አንዲት የዶቃ ፍሬ ጃንጥላ ውስጥ ይወረውራል፣ ከዚያ ተገኘ ይላል። ይህ ተጠርጣሪን ማታለል ሳይሆን ማስረጃ መፈብረክ ነው። የምወደው ገጸ ባሕርይ ይህን ማድረጉ ያሳዝነኛል። ሌላ ጊዜ አሳምሮ የሚታገሰው ሰው እዚህ ለምን ቸኮለ? መልስ የለኝም፤ መጥፎ አጻጻፍ ነው።

የወይን ጠጅ ማከማቻው ታሪክ ያስኬዳል?

«ኤኒ ኦልድ ፖርት ኢን ኤ ስቶርም» (1973) ብዙዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት ክፍል ነው፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። ዶናልድ ፕሌዘንስ የተጫወተው ወይን አዋቂ ወንድሙን ራሱን ስቶ እንዳለ አስሮ በማከማቻው ይቆልፍበትና አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ኒው ዮርክ ይሄዳል። ወንድሙ አየር አጥሮት ይሞታል። አስከሬን ምርመራው ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ሁለት ቀን ያህል እንዳልበላ ያሳያል።

እስቲ እናስላው። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲውል በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ማከማቻው 100 ሜትር ኩብ ብቻ ነው እንበል፤ በስክሪን የምናየው ግን ከዚያ የሚሰፋ ይመስላል። በሁለት ቀን ውስጥ አየሩ አንድ በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ራስ ሊያሳምም ይችላል እንጂ አይገድልም። ስለዚህ ሞቱ እንደተነገረን አይሆንም። ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው። በ1977ቱ «ትራይ ኤንድ ካች ሚ» ላይም በካዝና ክፍል የተቆለፈበት ወጣት አንድ ሌሊት ውስጥ ነው የሚሞተው፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል።

የቀረው ግን ጠንካራ ነው። የሟቹ መኪና ለቀናት በባሕሩ ዳርቻ ቆሟል ተብሎ ዝናቡ ምንም ምልክት አልተወበትም። ደግሞ ሙቀቱ አለ። ገዳዩ ኒው ዮርክ ሳለ ሎስ አንጀለስ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ስለጠፋ ወይኑ ሁሉ ተበላሽቷል። ኮሎምቦ ከዚያው ማከማቻ አንድ ጠርሙስ ወስዶ በእራት ላይ ያስቀርብለታል። ሰውዬው ቀምሶ ይቆጣል፤ ሙቀት የመታው ወይን መሆኑን ያወቀው ምላሱ ነው። የገዛ ዕውቀቱ አሳልፎ ሰጠው። የሁለቱን ቀን የአየር ስሌት እያወቅሁም ቢሆን፣ እዚህ ትዕይንት ላይ ስደርስ ሁሌ እሸነፋለሁ።

አንዳንዱ ክፍል ለምን ይንዛዛል?

የቴሌቪዥን ጣቢያው ነው ምክንያቱ። አንዳንዱ ክፍል ለ90 ደቂቃ ሥርጭት፣ አንዳንዱ ለሁለት ሰዓት ሥርጭት ነበር የሚሠራው፤ ማስታወቂያን ጨምሮ ማለት ነው። ለአጭሩ የሚበቃ ታሪክ በረጅሙ ሲለጠጥ ተጨማሪ ትዕይንት ይገባል። ብዙዎቹ መጣረሶችም የሚገኙት በነዚህ ማሟያ ትዕይንቶች ውስጥ ነው።

«ፎርጎተን ሌዲ» ላይ ገዳይዋን ለቀቃት። ይሄ ከጠባዩ ጋር አይጣረስም?

በ1975 የወጣ ክፍል ነው፤ ጃኔት ሊ ናት የተጫወተችው። ዝናዋ ያለፈ የፊልም ተዋናይ ባሏን ገድላለች። በዚያ ሌሊት የራሷን የድሮ ፊልም ስታይ ነበር፤ ፊልሙ መሃል ላይ ተቆርጧል፣ የተቆረጠውን ለማያያዝ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ደቂቃ ጠፍቷል። ኮሎምቦ የያዛት በዚያ ነው። ግን የማይድን የአንጎል ሕመም እንዳለባት፣ መግደሏንም እንደረሳችው፣ ከሁለት ወር በላይ እንደማትቆይ ይደርስበታል።

አብሯት ይሠራ የነበረው ሰው በእሷ ፈንታ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል። ኮሎምቦ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ይህ ታሪክ ብዙ አይቆምም ይለዋል። ሰውዬው «ሁለት ወር ይቆይ ይሆናል» ሲለው ኮሎምቦ ትንሽ ዝም ብሎ «አዎ፣ ይቆይ ይሆናል» ብሎ ይመልሳል።

ሕጉን እንደጣሰ የሚከራከሩ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ጠባዩን ጣሰ የሚሉት ግን አላሳመኑኝም። ሰውን የሚያይ መርማሪ ነው፤ የሐዘን ምልክት ሳያይ የገባበት ቤት የለም። በዚያ ሌሊት ያየው አንዲት ሴት በጨለማ ሳሎን ውስጥ ወጣትነቷን እየተመለከተች፣ እዚያው ስትቀር ነው።